ቀን ያልተቆረጠለት ካሴት

ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ላይ አሜሪካ ውስጥ ፊልም በፖስታ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ ለሦስት ቀናት ያህል ዲስክ መላክ አቃተው። የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶበት ነው። ያኔ ከ8 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። ኩባንያው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ለተጎዱት ከሂሳባቸው ቀነሰላቸው፣ ነገሩም የጋዜጣ ዜና ሆነ። መሐንዲሶቹ ደግሞ «ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ማስቀመጥ አያዋጣም» ብለው ሥራቸውን በኪራይ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ዛሬ ክላውድ በምንለው ላይ፣ መበተን ጀመሩ። ይሄ ሥራ ያለቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። የሦስት ቀን መዘግየት የሰባት ዓመት ሥራ ወለደ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ትንሽ ሳቅሁ። እኔ ያደግሁት ጎብዬ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትወርዱ፣ ሮቢት ከመድረሳችሁ በፊት፣ አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። እኛ ጋ ፊልም ሦስት ቀን ቢቆይ «ዘገየ» የሚል ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ቢቆይም አልነበረም። ትዕግሥተኞች ስለሆንን እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ሌላ ነው፤ ይሄ ጽሑፍም ስለዚያ ነገር ነው። መዘግየት የሚባለው ነገር የሚኖረው መጀመሪያ ቀጠሮ ሲኖር ነው። «ማክሰኞ ይደርሳል» ያለህ ሰው ከሌለ ረቡዕ ላይ ምን ብለህ ትከሰዋለህ?

መንገዱ

ጎብዬን ከፊልም ጋር ያገናኛት መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ፣ በራያ ቆላ በኩል ወደ መቀሌና አስመራ የሚወጣው መንገድ አሁን ባለው መልኩ መሠረቱ የተጣለው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ነው። ጣልያን የሠራው ለሠራዊቱና ለዕቃው ነበር። ሠራዊቱ ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ቆላው የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ጨርቁም፣ ሬዲዮኑም፣ የትምህርት ቤት ደብተሩም፣ ካሴቱም፣ በዚሁ አስፋልት ነው የመጣው።

ፖስታ አልነበረም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረ እንጂ። የኢትዮጵያ ፖስታ በአጤ ምኒልክ ዘመን በ1886 የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው፤ ሀገሪቱ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችውም እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ግን የእኛ ፖስታ ከመጀመሪያውም ቤት ለቤት የሚያድል አይደለም። ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። ሣጥን የሌለው ሰው በትምህርት ቤት በኩል፣ በቀበሌ በኩል፣ ሣጥን ባለው ነጋዴ በኩል ያስልካል። የኔትፍሊክስ ሥራ እንዲቆም ደግሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የቤት ቁጥር፣ በየቀኑ ደጅህ የሚመጣ ፖስተኛ፣ እና አንተን ሳያይህ የሚያምንህ ኩባንያ። እኛ ጋ ሦስቱም አልነበሩም።

የነበረን አደራ ነው። አደራን እንደ ቀላል ነገር አትዩት፤ ሙሉ የመላላኪያ ሥርዓት ነው። ደሴ ወይም ወልድያ ያለ ሰው ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፌስታል አስሮ፣ ላዩ ላይ ስም ጽፎ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። ረዳቱ ከወንበር ሥር ወይም ከሾፌሩ ኋላ ያስቀምጠዋል። ጎብዬ ሲደርስ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የተቀባዩን ስም ይጠራል። ደረሰኝ የለ፣ ቴምብር የለ። ዋስትናው ረዳቱ ነገም በዚሁ መንገድ ማለፉ ነው። ሰዉ ያውቀዋል፤ ካሴቱን ቢያጠፋ ከሰሜን ሸዋ እስከ አላማጣ ስሙ ይጠፋል።

ቪዲዮ ቤቱ

እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1990ዎቹ ጎብዬ ውስጥ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ማለት ነው። አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር። በር ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ይሰቀላል፤ የፊልሙ ስም ባይታወቅ እንኳ «የህንድ፣ ሁለት ወንድማማቾች» ወይም «ካራቴ፣ በጣም ከባድ» ይበቃል። ማንም የዳይሬክተሩን ስም አይጠይቅም። አክተሩን ነው የምንጠይቀው።

እኛ ከቪዲዮ ቤቱ ፊልም እንከራያለን፤ ቪዲዮ ቤቱ ራሱ ደግሞ ከደሴ ካሴት አከራዮች ይከራያል። ይህ ሁለተኛው ኪራይ ነው ታሪኩን የያዘው። አከራዩ መያዣ ገንዘብ ይወስዳል፤ ከዚያ ሒሳቡ በቀን ነው። እስኪ በቀን 3 ብር ነው እንበል። ደሴ ያለ ቪዲዮ ቤት ዛሬ ወስዶ፣ ማታ አሳይቶ፣ ነገ ይመልሳል። 3 ብር። የጎብዬው ግን ካሴቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ያሳያል። መላኪያ መኪና እስኪገኝ አንድ ቀን ይጠብቃል። አንድ ቀን ይመለሳል። 12 ብር። ያሳየው ያንኑ አንድ ፊልም ነው።

ይሄን ሒሳብ ያኔ አላውቀውም ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። የመንገዱን ርዝመት የሚከፍለው መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ያንን ለማካካስ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ መግቢያውን ያስወድዳል፣ ይሄ በእኛ ኪስ አይሆንም። ወይ አንድ ካሴት ሲያገኝ ደጋግሞ ያሳያል። እሱ ሁለተኛውን መረጠ። ለዚያ ነው እኛ የጎብዬ ልጆች ጥቂት ፊልሞችን በቃላችን፣ ከነሙዚቃቸው፣ ከነድብደባቸው የምናውቀው። ብዙ ፊልም አላየንም፤ ያየነውን ግን አጥንቱ ድረስ ነው ያየነው።

ካሴቱ ራሱም ይደክማል። ቪ.ኤች.ኤስ. በተጫወተ ቁጥር የሚያልቅ ነገር ነው፤ ፊልሙ በጎማ መንኮራኩርና በጭንቅላቱ ላይ ሲሮጥ ላዩ ይፋቃል። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል። እና እኛ ጋ የሚደርሰው የኮፒ ኮፒ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ነጭ መስመር፣ ቀይ የሚመስል ሰማይ፣ ፊቱ የማይለይ ሽፍታ። የቆየ ፊልም ማለት ለእኛ የደበዘዘ ፊልም ነበር። መዘግየቱ በስክሪኑ ላይ ይታያል።

ከዚያ ሲዲ መጣ። ቪሲዲ የሚባለው ዲስክ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የህንድ ፊልም ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱ ፊልም ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሲዲ ይሆናል። ሁለቱ ሲዲዎች ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም። ሲዲ አንድ ደርሶ ሲዲ ሁለት ደሴ ሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። አባቱ ተገድሎ፣ ልጁ ለበቀል ማደግ ሲጀምር፣ ዲስኩ አለቀ። ቀሪው ከመኪናው ጋር ይመጣል።

«ጋሼ፣ ሲዲ ሁለት መቼ ነው የሚመጣው?»

«መኪናው ሲመጣ።»

«መኪናውስ?»

«አላህ ሲለው።»

በዚህ መሃል ወልድያ ሄዶ ያየ ልጅ ይመጣል። እሱ ነው የሰፈሩ ሲዲ ሁለት። ተከብሮ፣ ለውዝ ተገዝቶለት፣ መጨረሻውን ይተርካል። ያላየውን ይጨምራል፣ የረሳውን ይፈጥራል። ሲዲው ሲደርስ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መጨረሻ ከሱ መጨረሻ ያንሳል።

ከእኛ የወጣው ፊልም

እስካሁን ያወራሁት ወደ ራያ ስለሚመጣ ፊልም ነው። ከራያና ከወሎ ስለወጣውስ? እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል።

በ1965 እና 66 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ ከደሴ በስተሰሜን ባለው በዚሁ አስፋልት ዳር ገበሬዎች መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። መንግሥት ነገሩን ይደብቅ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ መጥቶ ቀረጸው። ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ፣ ገንዘብ ተዋጣ። አዲስ አበባ ያለው ሰው ግን ያንን ፊልም በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ።

ቁጠሩት። ከለንደን እስከ አዲስ አበባ 11 ወር ገደማ። አንድ ካሴት በአውሮፕላን የአንድ ቀን መንገድ ነው። 11 ወር የወሰደው ርቀቱ አይደለም። መጀመሪያ እንዳይታይ የፈለገ ነበር፤ በኋላ ደግሞ በዚያች ሌሊት እንዲታይ የፈለገ ነበር። የተራበው ሰው ፊልም ለተራበው ሰው ጥቅም በሰዓቱ አልመጣም፤ ለሥልጣን ጥቅም ግን ልክ በሰዓቱ መጣ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በ1977 ጥቅምት ላይ ሞሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ኮረም ላይ ቀረጹ። ኮረም ከጎብዬ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አትርቅም፤ አላማጣን አልፎ ዳገቱን መውጣት ነው። ያ ቀረጻ በጥቂት ቀን ውስጥ ለንደን ደርሶ ጥቅምት 13 በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም በመቶዎች የሚቆጠሩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስተላለፉት። የራያ ሰው ፊት ከኮረም እስከ ለንደን በቀናት ሄደ። እኔ እንኳ፣ እዚያው አካባቢ የተወለድሁት ሰው፣ ያንን ፊልም ያየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ በኢንተርኔት ነው። ፊታችን በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የምናየው ነገር በአውቶቡስ ወንበር ሥር ይመጣል።

ቀጠሮ ያለው ሰው

አሁን ወደ አሜሪካ ልመለስ፤ ምክንያቱም ቀጠሮ ምን እንደሚሠራ የሚታየው እዚያ ነው።

ኔትፍሊክስ የመጀመሪያውን ዲስክ የላከው መጋቢት 1 ቀን 1990 ነው፤ ፊልሙ «ቢትልጁስ» ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ትከፍላለህ፣ የምትፈልጋቸውን ፊልሞች በተራ ትመዘግባለህ፣ ዲስኩ በቀይ ፖስታ ይመጣልሃል። አይተህ በዚያው ፖስታ ስትመልስ ቀጣዩ ይላካል። የማዘግያ ቅጣት የለም። ኩባንያው ዲስኮቹ ብዙ እንዳይጓዙ በየአካባቢው ማከፋፈያ ከፈተ፤ በኋላ ቁጥራቸው ከ50 በላይ ሆነ። ልዩነቱን አስተውሉት። እኛ ጋ ርቀቱን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው፤ እዚያ ርቀቱን የማሳጠር ዕዳ የኩባንያው ሆነ። ለምን? «በአንድ ቀን ይደርሳል» ብሎ ስላስተዋወቀ።

እሱም ቢሆን ተንኮል አላጣም። ደንበኛው የሚከፍለው ቁርጥ ያለ ዋጋ ስለሆነ ብዙ ፊልም የሚያይ ሰው ለኩባንያው ኪሳራ ነው። ስለዚህ አዘውትረው ለሚከራዩት ዲስክ ዘግየት አድርጎ መላክ፣ አዲስ ፊልም ሲመጣም በቅድሚያ ጥቂት ለሚያዩት መስጠት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ደንበኛ «ያልከው ሌላ፣ የምታደርገው ሌላ» ብሎ ከሰሰው። ኩባንያው በ2005 መጀመሪያ ላይ አሠራሩን በውል ጽሑፉ ውስጥ በግልጽ አስገባ፤ ክሱም በዚያው ዓመት ለደንበኞች የአንድ ወር ነፃ አገልግሎት በመስጠት ስምምነት ላይ ደረሰ።

እስኪ አስቡት። ሰውዬው የከሰሰው ፊልም በጥቂት ቀን ዘገየብኝ ብሎ ነው። እኛ ብንሆን እንስቅበታለን። እኔ ግን አሁን አልስቅበትም። የሰውዬው ጉዳይ ፊልም አይደለም፤ የተሰጠው ቃል ነው። የተጻፈ ቃል ስለነበረው ፍርድ ቤት የሚወስደው ነገር ነበረው። ጎብዬ ላይ ሲዲ ሁለትን ስንጠብቅ የነበርነው ልጆች ማንን እንከሳለን? ደሴን? አስፋልቱን? አላህን?

የአማርኛ ፊልምም ያው ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957፣ «ጉማ» በ1966 ሲሠሩ የታዩት በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ነው። በ1990ዎቹ እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» መጥተው የዲጂታሉ ፊልም ሲስፋፋም ፊልሙ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲኒማ ይገባል፣ ሲዲው ከብዙ ጊዜ በኋላ ይወጣል። ባለቤቶቹ ይሄን የሚያደርጉት ወደው አይደለም። ሲዲው በወጣ ማግስት ይገለበጣል። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ይከለክላል፤ ግን አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፣ ገልባጩ ገበያ ላይ። እኛ የክፍለ ሀገር ልጆች ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና በሕጋዊው መንገድ ብንጠብቅ ግማሹን ፊልም ሳናይ እናድግ ነበር። ሕጋዊው ፊልም ለእኛ ቀን አልቆረጠልንም። ቀን የቆረጠልን ገልባጩ ነው። «ለገበያ ቀን ይደርሳል» ይላል፤ ይደርሳልም።

ይሄ ለፊልም ሠሪው ጉዳት መሆኑን አልክድም። የደከመበትን የሚበላው ሌላ ነው። ግን ተመልካቹን «ሌባ» ብሎ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ለጎብዬ ተመልካች ፊልሙን መቼ፣ በምን መንገድ ልትሸጥለት አስበህ ነበር?

እንደገና በእጅ

ከዚያ ዲሽ መጣ፣ በ2008 ቃና ተከፈተ፣ ስልኩ ትልቅ ሆነ፣ ዩቲዩብ የአማርኛ ፊልሙን በአንድ ጊዜ ለጎብዬም ለዋሽንግተንም አደረሰ። ውጭ ሀገር ያለው ዘመድም እንደኛው በሰው እጅ ካሴት ያስመጣ የነበረ ሰው ነው፤ ሁለታችንም ባንድ ቀን ተገላገልን። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2008 የገና ዋዜማ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ ሀገራት በኢንተርኔት ገባ። በብር አይከፈልም እንጂ፣ ለወጉ ያህል ጎብዬም ውስጥ አለ ተባለ። መጠበቅ የሚባለው ታሪክ ያለቀ መሰለን።

አላለቀም። በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ራያ ቆላ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ የለም። በ2014 ነሐሴ እንደገና። ያኔ ፊልም ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም፤ ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር የማያውቅ እናት ነበረች፣ እሱም በሰው ቃል ነው የሚመጣው። ከዚያ ሰላም ተፈረመ፣ ኔትወርኩ ተመለሰ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀና በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለረጅም ወራት።

በዚያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወደ ልጅነቴ ተመለሰ። ፊልሙም፣ የትምህርት ቪዲዮውም፣ የሠርግ ምስሉም በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ተጭኖ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ኪስ መጓዝ ጀመረ። ፌስታሉ ቀረ፣ አደራው አልቀረም። ፍላሹ ከቀበቶ ዘለበት ያንሳል፤ አንድ መቶ ፊልም ይይዛል። ግን ያው መኪናው ሲመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቀን ግጥጥም አለ፤ ካወቅሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ኔትፍሊክስ የፖስታ ኪራዩን የዘጋው መስከረም 18 ቀን 2016 ነው። ከ25 ዓመት በላይ፣ ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲስክ ልኮ። የሚዘጋበትን ቀን የተናገረው ከወራት በፊት፣ በሚያዝያ ነው። ለደንበኞቹ «የመጨረሻው ዲስክ የሚላከው በዚህ ቀን ነው» አላቸው፤ እጃቸው ላይ የቀረውንም ውሰዱት አለ። እኛ ጋ ያኔ ኢንተርኔት ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የሚከፈትበትን ቀን የነገረን የለም። አንድ የመዝናኛ ድርጅት ለመሞቻው እንኳ ቀን ቆርጦ ተናገረ፤ እኛ ለመብታችን ቀን የሚቆርጥልን አጣን።

ሰው «እናንተ እኮ ለምዳችሁታል» ይለናል። ለምደነዋል፤ ይሄ ነው ችግሩ። ቀጠሮ ሳይሰጠው ያደገ ሰው መዘግየትን አያውቀውም፤ መዘግየትን ያላወቀ ደግሞ አይጠይቅም። «መኪናው ሲመጣ» የሚለው መልስ ከካሴት አልፎ ወደ መብራት ሄደ፣ ወደ ውሃ ሄደ፣ ወደ ማዳበሪያ ሄደ፣ ወደ ሰላም ሄደ።

ለዚህ ነው የአሜሪካኖቹን የሦስት ቀን ለቅሶ አሁን በሌላ ዓይን የማየው። ሀብታቸውን አልቀናም፤ ቀይዋን ፖስታም አልቀናም። የምቀናው በአንዲት ነገር ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ደጃቸው ላይ ባዶ ሣጥን ሲያዩ «ማክሰኞ ብላችሁኝ ነበር» ማለት መቻላቸው። የጎብዬ ልጅ ዛሬ የሚያስፈልገው ፈጣን ኔትወርክ ብቻ አይደለም። «በዚህ ቀን» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል፤ በዚያ ቀን ካልሆነ ደግሞ ሄዶ የሚጠይቀው በር።

የአውቶቡሱ ረዳት ይሄን ያደርግ ነበር። «ሐሙስ በምመለስበት አመጣለሁ» ካለ፣ ሐሙስ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ስም ይጠራል፤ ካላመጣም ወርዶ ለምን እንዳላመጣ ይናገራል። ደሞዙ ትንሽ፣ ቢሮ የሌለው፣ ማኅተም የሌለው ሰው ነው። ከሱ በላይ ያሉት የከበዳቸው ይሄ ነው።